ስለዚያ የፕላስቲክ ኪት

የምርቃት ሰሞን ሲደርስ ኢንቦክሴ በአንድ ጥያቄ ይሞላል፦ «ቲቸር፣ የትኛውን ኪት ልግዛ?» ለእያንዳንዳችሁ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው ብዬ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

ኪት የምንለው ያው በሳጥን ተዘጋጅቶ የሚመጣውን ነው። የምርቃት ቆብ ከነጥቅል ዲፕሎማው፣ ኳስ ተጫዋቾች ከነጎላቸው፣ ልዕልቷ ከነቤተ መንግሥቷ፣ ለሰርግ ደግሞ ምሰሶና ሳህን። ክሬሙን ትቀባላችሁ፣ ትሰካላችሁ፣ አለቀ። ለቸኮለ ሰው ይጠቅማል፣ አልዋሽም። ማታ 3 ሰዓት ተደውሎ ለጠዋት ኬክ ሲታዘዝ ጭንቀቱን አውቀዋለሁ።

ችግሩ ኪቱ ለእኛ ኬክ አለመሠራቱ ነው። እኔ ጋ የሚመጣው ደንበኛ አብዛኛው የሚወደው የተመታ ክሬም ነው፤ በጾም ደግሞ ከአትክልት ዘይት የሚሠራውን። ሁለቱም ለስላሳ ናቸው። እነዚያ አሻንጉሊቶች ግን ጠንከር ያለ የቅቤ ክሬም ወይም ፎንዳንት ይፈልጋሉ። አጥቂውን ስታቆሙት ቀጥ ብሎ ይቆማል። ኬኩ በመኪና ኮረኮንቹን አልፎ ልደቱ ቤት ሲደርስ አጥቂው እስከ ጉልበቱ ሰምጧል፣ በረኛው ተኝቷል። ልታስተካክሉት ስትነቅሉት ደግሞ ጉድጓዱ ይቀራል።

የሰርጉ ይባስ። ሳህኖቹ የሚለኩት በኢንች ነው። 8 ኢንች 20.3 ሴንቲ ሜትር መሆኑ ነው። በ20 ሴንቲ ሜትር መጋገሪያ የወጣ ኬክ ዙሪያውን አንድ አንድ ሴንቲ ክሬም ሲቀባ 22 ይሆናል፣ ስለዚህ ከሳህኑ ተርፎ ይወጣል። ምሰሶዎቹ ደግሞ ቁመታቸው ከፋብሪካ ተወስኖ የመጣ ነው። ኬካችሁ ከምሰሶው ከፍ ካለ የላይኛው ክብደት በሙሉ ክሬሙ ላይ ያርፋል፣ ዝቅ ካለ መሃል ላይ ክፍተት ይታያል። እኔ ለባለ ሁለት ደረጃ ኬክ ወፍራም የጁስ ስትሮው በታችኛው ኬክ ቁመት ልክ በመቀስ ቆርጬ እተክልና የላይኛውን ከነካርቶኑ አስቀምጥበታለሁ። ርካሽ ነው፣ ልክ ነው፣ አይታይም።

ኪቱ ውስጥ አብሮ ስለሚመጣው ወርቃማ ዱቄትም ልናገር። «ኖን ቶክሲክ» የሚል ጽሑፍ ይበላል ማለት አይደለም፤ «ኤዲብል» የሚለውን ፈልጉ። በ2018 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ሮድ አይላንድ ውስጥ የልደት ኬክ የበሉ 6 ልጆች ታመው ነበር። ኬኩ ላይ የነበረው ማብለጭለጫ ሲመረመር የመዳብ ዱቄት ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ የሚበላ መሆኑ በግልጽ ያልተጻፈበትን ዱቄት የልጅ ኬክ ላይ አታድርጉ። በዚህ ድርድር የለም።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ።

አንዷ ተማሪዬ ሥራውን ልታቆም እንደሆነ ነገረችኝ። ጎበዝ ልጅ ናት፣ እጇ ንጹህ ነው። ደንበኞቿ የሌላ ሰው ኬክ በስልክ እያሳዩ «ይሄንኑ በዚህ ዋጋ ትሠራልናለች» ይሏታል። ምን ትመልስ? እውነታቸውን ነው። ያው ቆብ፣ ያው ዲፕሎማ፣ ያው ወርቃማ «ኮንግራጁሌሽን»። ሁለታችሁም አንድ ሳጥን ከፍታችሁ ስትሠሩ ደንበኛው የሚያወዳድረው ዋጋችሁን ብቻ ነው። የዱቄቱና የእንቁላሉ ዋጋ ደግሞ እናንተን አይጠብቅም።

ይህችው ልጅ የ80 ዓመት እናት ልደት ታዞላት ነበር። ልጆቻቸው የፈለጉት «እማዬ እንኳን አደረሰሽ» የሚል ጽሑፍ ነው፣ እናትየው የሚያነቡት አማርኛ ብቻ ስለሆነ። የኪቷ ሳጥን ውስጥ ያለው 26 የእንግሊዝኛ ፊደል ነው። የእኛ 33 በ7 ሲባዛ 231 ነው፣ ዲቃሎቹን ሳንቆጥር። ያንን በፕላስቲክ ቆርጦ በሳጥን የሚሸጥላችሁ ብትጠብቁ ትጠብቃላችሁ። ትእዛዙ ሌላ ሰው ጋ ሄደ። በጣም ቆጨኝ፣ ምክንያቱም የዚያ ሥራ ዋጋ ከማንም ጋር አይወዳደርም ነበር።

የእጅ ጽሑፍ ከባድ ነው ትሉኛላችሁ። ነው። አማርኛ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። «ሉሊት» ብላችሁ ጽፋችሁ የ«ሉ» ቅጥያ ከወገቧ ወደ እግሯ ከተንሸራተተች ልጅቷ «ሊሊት» ሆና ሻማ ታጠፋለች።

ስለዚህ መልሴ፦ ኪት አትግዙ። ቁጥር 2 ወይም 3 ኖዝል ግዙ። የፊደል ገበታውን ከፕላስቲክ ፎልደር ሥር አድርጉና የዱቄት ስኳር ከካካዋና ከጥቂት ውሃ ጋር ወፈር አድርጋችሁ በጥብጣችሁ ከላይ ተለማመዱበት። እየጠረጋችሁ ድገሙት፣ በየማታው ግማሽ ሰዓት። መጀመሪያ የፊደሉን አካል፣ ቅጥያውን መጨረሻ ላይ። ኬኩ ላይ ስትጽፉ ክሬሙ ፍሪጅ ገብቶ ቀዝቅዞ የወጣ ይሁን።

እጃችሁ እስኪደፍር ሌላም መንገድ አለ። ስሙን መጋገሪያ ወረቀት ላይ በቀለጠ ቸኮሌት ጻፉት፤ ፊደሎቹ ይነካኩ፣ ከሥር ወፈር ያለ መስመር አስምራችሁ አያይዟቸው፣ ለመትከያ ሁለት እግር ጨምሩላቸው። ፍሪጅ አስገቡት፣ ሲደርቅ አንሱና ትከሉት። ልጅቷም የስሟን «ሉ» ነቅላ ትበላዋለች። የመጀመሪያዎቹ ስታነሷቸው ይሰበራሉ፣ አራት አምስት አድርጋችሁ ጻፉ። ቅዳሜ ማታ ፎቶ እጠብቃለሁ፣ ጠማማውንም ላኩት።