ዝናብ አዝናቢዋ ኃይሏን ያጣች ጊዜ

ማርቭል በ1985 እ.ኤ.አ. «ሂሮስ ፎር ሆፕ» የተባለ ቀጭን ኮሚክ አሳትሞ ነበር። ኤክስ-ሜኖች ከአፍሪካ ረሃብ ጋር የሚገጥሙበት ነው። የኤክስ-ሜን ሱስ ያለባችሁ ታውቁት ይሆናል። ሌሎቻችሁ ባትሰሙትም አይገርመኝም፤ ከዋናው ተከታታይ ታሪክ ወጣ ብሎ የቆመ፣ ለእርዳታ ገንዘብ ማሰባሰቢያ የተሠራ አንድ እትም ነው። ሐሳቡን ያመነጩት ሠዓሊዎቹ ጂም ስታርሊንና በርኒ ራይትሰን ናቸው። የዚያን ዘመን ደራሲና ሠዓሊ በሙሉ ጠርተው፣ ለእያንዳንዱ ጥንድ ሁለት ሦስት ገጽ አከፋፈሉ። ስቲቨን ኪንግ አለበት፣ አለን ሙር አለበት፣ ኋላ የ«ጌም ኦፍ ትሮንስ» አባት የሆነው ጆርጅ አር. አር. ማርቲንም አለበት። ሁሉም በነፃ ነው የሠሩት። ገቢው የአሜሪካ ክዌከሮች ለሚያንቀሳቅሱት የእርዳታ ድርጅት ሄደ። በቀጣዩ ዓመት ዲሲም ሱፐርማንንና ባትማንን ይዞ የራሱን ተመሳሳይ እትም አወጣ።

መጀመሪያ ያነበብኩት ዩኒቨርሲቲ እያለሁ፣ ከዶርም ጓደኛዬ ፍላሽ ላይ ገልብጬ ነው። ያኔ ያነበብኩት ለስሞቹ ስል ነው። የኪንግ ገጾች የትኞቹ ናቸው፣ የሙር የት ይጀምራል፣ ማን ማንን ሣለ… ከኋላ ያለውን ሕዝብ እንደ መልክዓ ምድር ነበር ያለፍኩት፤ ተራራ እንደሚታለፍ። ባለፈው ክረምት ነፋስ መውጫ፣ ቤተሰቦቼ ጋ ቁጭ ብዬ ስደግመው ግን ዓይኔ ከኋላ ካሉት ሰዎች አልነሳ አለኝ። የጋይንት ልጅ ነኝ። ያ ረሃብ እኛ ቤት «ሰባ ሰባት» ነው የሚባለው፤ ዓመተ ምሕረት መጨመር አያስፈልገውም። ሰው ዕድሜውን ሲቆጥር «ከሰባ ሰባት በፊት» ወይም «ከሰባ ሰባት በኋላ» ይላል።

ኮሚኩን እንደ ኮሚክ ከጠየቃችሁኝ፣ የተዘበራረቀ ነው። በየሁለት ገጹ እጁ ይቀየራል፤ አንዱ ጋ ያማረ ፊት ሌላው ጋ ሲደርስ ሌላ ሰው ይመስላል። ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ አንድ የማይታይ ኃይል ኤክስ-ሜኖችን እቤታቸው ድረስ መጥቶ በየፍርሃታቸው ያሠቃያቸዋል። ዱካውን ተከትለው አፍሪካ ይደርሳሉ። ኃይሉ የሚመገበው የሰው መከራ ነው። ይዋጉታል። መጽሐፉ ሲያልቅ ረሃቡ አላለቀም፤ በዚህ በኩል አልዋሹም፣ አከብራቸዋለሁ።

ግን ስቶርምን ተመልከቷት። ስቶርም ማለት ዝናብና ነፋስ የምታዝዝ፣ በ1975 እ.ኤ.አ. ስትፈጠር ኬንያ ውስጥ እንደ ዝናብ አምላክ ትመለክ የነበረች ሴት ናት። በልጅነቴ ከሁሉም የምወዳት እሷን ነበር። የእኛ አገር ሰው ሰማይ እያየ ነው የሚኖረው፤ በልጉ ቀረ፣ ክረምቱ ዘገየ፣ ውርጭ መታው። ታዲያ አንዲት ሴት እጇን ስታነሳ ደመና ሲሰበሰብ ማየት ለእኔ ከመብረርም ከሌዘርም በላይ ነበር። ዋናው ተከታታይ ላይ፣ ቁጥር 185፣ ስቶርም በጦር መሣሪያ ተመትታ ኃይሏን ታጣለች። የእትሙ ወር ሴፕቴምበር 1984 ነው። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 1977 መሆኑ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በሰልፍና በሰንደቅ የሚከበርበት፣ ወሎ ላይ ሰው በየመንገዱ የሚወድቅበት ወር። ቢቢሲ የኮረምን ምስል ለዓለም ያሳየው ከዚያ በኋላ በጥቅምት ነው። እና ኤክስ-ሜኖች ለረሃቡ ሲዘምቱ፣ ከመካከላቸው ዝናብ ማዝነብ የምትችለው አንዷ ሰው ባዶ እጇን ነበረች። ደራሲዎቹ አስበውት አይደለም፤ ተከታታይ ታሪክ ስለሆነ ነው። እኔ ግን እዚህ ላይ ትንሽ ቆምኩ።

የኪንግና የራይትሰን ሦስት ገጾች አሁንም ከሁሉም ይበልጣሉ። ኪቲ ፕራይድ በረሃብ ሰውነቷ አልቆ ትታያለች፤ አንድ ጥላ መሳይ ነገር ማዕድ ያቀርብላታል፤ ልትበላ ስትል ምግቡ ይበሰብሳል። ያኔ ጥሩ የሆረር ትዕይንት ነበር። አሁን ሳነበው ጓያ ትዝ አለኝ። ጓያ ሌላው እህል ሲጠፋ እሱ ብቻ የሚቆም ነው፤ ድርቅ ይችላል። አዘውትረህ ብቻውን ከበላኸው ግን እግርህን ይወስዳል። እስቴ ያለው የአያቴ ወንድም ዛሬም በሁለት ምርኩዝ ነው የሚሄደው። «ጓያ ሰበረው» ይሉታል። የሚያተርፍህ ምግብ ራሱ የሚሰብርህ። ራይትሰን ይሄን ቢሰማ ምን ይሥል ነበር?

አያቴ አጠገቤ ተቀምጣ ፈትል ትፈትል ነበር። ስልኬን ተጠግታ አየች።

«እነዚህ ደግሞ እነማን ናቸው?»

«ጀግኖች ናቸው እማ። ለተራበው ሰው ሊደርሱ መጥተው ነው።»

ዎልቨሪንን ትክ ብላ አየችው። «ጥፍሩን ምን አድርጎት ነው?»

«መሣሪያው ነው። ይዋጋበታል።»

«ከማን ጋር?»

ይህችን ጥያቄ አራት ገጽ ትንታኔ አይተካትም። ኮሚኩ ጠላት ያስፈልገው ነበር፣ ስለዚህ መንፈስ ፈጠረ። መንፈስ መንግሥት የለውም፣ ጦርነት አያካሂድም፣ ከገበሬ ላይ በቁርጥ ዋጋ የእህል ኮታ አይሰበስብም። አያቴ ስለ ሰባ ሰባት ስታወራ ዝናቡንም ኮታውንም በአንድ ትንፋሽ ነው የምትጠራቸው። ቀጥሎ የሰፈራው ዘመቻ መጣ፤ ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከሸዋ፣ ከእኛም ጎንደር ሳይቀር ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ተጓዘ። ወዶ የሄደ አለ፣ ታፍሶ የሄደም አለ። ፓዌ ገብቶ ወባ የበላው የጎረቤት ልጅ እስካሁን በስሙ ይነሳል። ኮሚኩ ውስጥ ግን ዘግቼው ስነሳ በጆሮዬ የቀረ አንድም የአገሬው ሰው ስም የለም። ተረጂው በስዕል ብዙ ነው፣ በቃል ትንሽ።

«እህሉንስ ማን ተሸከመው?» አለች ደግሞ።

እውነትም፣ ማን? ሽክሙ ላይ ኮሚኩ ብዙ አይቆይም። በእሷ ታሪክ ውስጥ ግን ከሽክም ሌላ ነገር የለም። ከቻይና መንገድ እስከ ቤት ድረስ ግማሽ ኩንታል በሦስት ሰው እየተቀባበሉ፣ አህያው ስላለቀ። አጨዳም ቤት መሥራትም በወንፈል የለመደ ሰው ረሃቡንም በወንፈል ነው የገጠመው፤ የዛሬው ተራ የእገሌ ቤት፣ የነገው የእገሊት። ኤክስ-ሜን እንደ ቡድን የሚገርመን እያንዳንዱ የተለየ ችሎታ ስላለው ነው። እዚያ መንገድ ላይ የነበሩት ሁሉ አንድ ዓይነት ችሎታ ነበራቸው፣ እሱም እያለቀ ነበር።

በ2018 እ.ኤ.አ. በሰራት ደበበ በኢታን ኮሚክስ «ጀምበር»ን በአማርኛም አውጥቶልናል፤ ጀግናው ሥራ ፈላጊ ተመራቂ ነው (ይሄ እንኳ እኔን ይመለከታል)። ደስ ብሎኝ ነው ያነበብኩት። ግን ከተሜ ነው። እስካሁን ማንም ያልሣለው አንድ ታሪክ አለኝ።

በሰባ ሰባት ክረምት አያቴ ቤት ጎታው ሥር አንድ ቁና ተኩል የገብስ ዘር ተቀብሮ ነበር። ሁለት ልጆች ነበሯት። ትልቋ ልጅ፣ አክስቴ ትሆነኝ የነበረችው፣ ታመመች። ስም ነበራት፤ አያቴ ስለማትጠራው እኔም እዚህ አልጽፈውም። አያቴ ዘሩን ቆፍራ ለማውጣት ሌሊት ተነሳች። አያቴ ወንዱ ጎታው ላይ ተኝቶ ነበር፤ ሆን ብሎ ነው እዚያ የሚያድረው። ምንም አልተናገረም። ከተኛበትም አልተነሳም። እሷም ቆማ ቆማ ተመለሰች።

«ብናወጣው ትተርፍ ነበር ይሆን?» አልኳት። እንዲህ ያለ ነገር ለመጠየቅ ድፍረቱን ከየት እንዳመጣሁት እንጃ።

«ለአሥር ቀን ይሆን ነበር» አለች። «ከዚያስ? በሰባ ስምንት ምን ልንዘራ ነው?»

ልጅቷ በነሐሴ ሞተች። በሰባ ስምንት ክረምት ዘነበ፣ ገብሱን ዘሩት። ሁለተኛዋ ልጅ እናቴ ናት።

በሐሳቤ ገጾቹን ለመከፋፈል ሞክሬያለሁ። ማን ጀግና፣ ማን ጠላት እንደሚሆን ግን እስካሁን አልለየሁም። ጎታው ላይ የተኛውን ሰው ፊቱን አሳየው ወይስ ጀርባውን? እሷ ቆማ የቆየችበትን ጊዜ በስንት ሳጥን? ፈትሏን ጨርሳ ስትነሳ ዘሩ ምን ዓይነት ገብስ እንደነበር ጠየቅኳት። ጥቁር ገብስ ነው አለች። አሁንም ከጓሮ አለ፣ ሂድ እየው።