ድረ ገጻችንን ማን ዘንድ እናሳድር?

ሚያዝያ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ፣ የልደታ ማርያም ዋዜማ፣ ስልኬ ጮኸ። አብሮ አደጌ ነው፤ ከቨርጂኒያ። ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም «አንተ፣ ድረ ገጻችን የለም እኮ!» አለኝ። ከፍቼ አየሁት። ነጭ ገጽ፣ ከላዩ አንድ መስመር እንግሊዝኛ።

የድሮው ልደታ ሰፈራችን ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ሲተካበት ግማሻችን ጀሞ ገባን፤ የቀሩት በየአቅጣጫው ተበተኑ። እድሩ ግን አልፈረሰም። አንድ ሰሞን ተነሣሥተን ከየቤቱ ፎቶ ሰበሰብን፤ የቦኖውን ሰልፍ፣ የቆርቆሮውን አጥር፣ የጥምቀቱን ጭፈራ። ከሥሩ በየዓመቱ የተለዩንን ሰዎች ስም ጻፍን። ለፈረሰ ሰፈር ሌላ ምን አድራሻ አለው?

ድረ ገጽ ለካ እንደ ሰው ማደሪያ ይፈልጋል። ቀንም ሌሊትም በማይጠፋ ኮምፒውተር ላይ ቦታ ተከራይቶ ነው የሚኖረው። እኛ የተከራየነው ሁሉን ከሚሸጥ ድርጅት ነበር፤ የዶሜይን ስም፣ ኢሜል፣ ማደሪያ፣ የኮምፒውተር ጥገና፣ ሲያሰኛችሁ ባነርም ያትማል። ቢሮው ከልደታ ፍርድ ቤት ብዙ አይርቅም። በብር ከፍለህ ደረሰኝህን ይዘህ ትወጣለህ። ፍርድ ቤቱ ዙሪያ ያሉትን ማመልከቻ ጸሐፊዎች ታውቋቸው የለ? ፍቺውንም፣ ውርሱንም፣ የቤት ክርክሩንም በአንድ እስክሪፕቶ። እንደዚያ ነው።

ከበዓሉ ማግስት ሄድኩ። ልጁ ትሑት ነው።

«ጋሼ፣ ሰርቨሩ ይሠራል። የተበላሸው ዎርድፕረሱ ነው፤ እሱ ደግሞ የእኛ ሥራ አይደለም።»

«ትናንትና ይሠራ አልነበር?»

«ፒኤችፒውን ወደ አዲስ እትም ከፍ አድርገነዋል። የእናንተ አሮጌ ተቀጥላ አልስማማ ብሎ ይሆናል።»

«እሺ፣ መጠባበቂያ ቅጂስ?»

«ቅጂ የሚይዘው ደንበኛው ነው ጋሼ፤ ውሉ ላይ አለ።»

አነበብኩት። እውነትም አለ።

አብሮ አደጌ ቀድሞም ነግሮኝ ነበር። ዎርድፕረስ ብቻ የሚያሳድሩ ድርጅቶች አሉ። ሌላ ድረ ገጽ አምጡ ብትሏቸው አይቀበሉም። ሶፍትዌሩን ራሳቸው ያድሳሉ፤ በየቀኑ ቅጂ ይይዛሉ፤ ነጭ ገጽ አየን ስትሏቸው የቱ ተቀጥላ እንዳስቀየመው ያውቃሉ። አልዋሽም፣ ቀናሁ። ግን ብዙዎቹ ኢሜል አይሰጡም። ዋጋቸውም በዶላር ነው። ዶላር ደግሞ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ገበያው ሲለቀቅ ከ57 ብር ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ መቶን ተሻግሯል። መክፈያው የአብሮ አደጌ ካርድ ሊሆን ነው። እሱ ቢታመምስ? ካርዱ ጊዜው ቢያልፍስ? ያኔ የሰፈራችን ትዝታ በአንድ ሰው ኪስ ላይ ተንጠለጠለ ማለት አይደል?

እኔን ያስደነገጠኝ ሌላ ነገር ነው። የዶሜይኑ ስም በማን እንደተመዘገበ ስንፈትሽ በድርጅቱ ስም ሆኖ ተገኘ። ቤቱን ተከራይተን የቤት ቁጥሩንም ለአከራዩ ሰጥተናል! ያውም ስሙ ጊዜው አልፎበት ከተሰረዘ ባለቤቱ መልሶ የሚያነሣበት 30 ቀን ነው ያለው፤ ያም በተጨማሪ ክፍያ። ባለቤቱ ደግሞ እኛ አይደለንም።

ጀሞ ያለች የእህቴ ልጅ ያንን ተቀጥላ አጥፍታ ገጹን በሃያ ደቂቃ መለሰችው። ወርጄ ወርጄ የእናቴን ስም አገኘሁት። ከዚያ በኋላ ነው ቁጭ ብዬ ቡና የጠጣሁት።

በሚቀጥለው እሑድ ተሰብስበን ተጨቃጨቅን። ስሙ በእድሩ እንዲዞር፣ ኢሜሉ እዚያው ልደታ እንዲቀር፣ ድረ ገጹ ወደ ልዩ ባለሙያዎቹ እንዲሄድና የዓመቱ ኪራይ በቅድሚያ እንዲከፈል ተስማማን። ቅጂው በፍላሽ ሆኖ ከድንኳኑ መዝገብ ጋር ይቀመጣል።

ገንዘብ ያዣችን መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩን።

«ለመሆኑ፣» አሉ፣ «ይህንን ወጪ በየትኛው ዓምድ ልጻፈው? በቀብር ነው ወይስ በቤት ኪራይ?»