ሲኒየር ኢንጂነር የሚባለው ማን ነው?

የሥራ ማስታወቂያዎቻችን ሲኒየር ኢንጂነርን የሚለኩት በዓመት ነው። ዓመት ዋጋ የለውም አልልም። ነገር ግን መሐንዲስ ሲኒየር የሚሆነው ሌላው ሰው «የእኔ ድርሻ አይደለም» ብሎ ያለፈውን ነገር «ይህን ማን አሰላው?» ብሎ መጠየቅ ሲጀምር ነው ብዬ አምናለሁ። ለዚህ ከካንሳስ ሲቲው ሃያት ሪጀንሲ ሆቴል የበለጠ ማስረጃ አላገኘሁም።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 17 ቀን 1981 ምሽት፣ በሆቴሉ አዳራሽ የጭፈራ ዝግጅት ላይ የተንጠለጠሉት መተላለፊያዎች ተደርምሰው 114 ሰዎች ሞቱ። የመጀመሪያው ዲዛይን የሁለተኛውንና የአራተኛውን ፎቅ መተላለፊያ ከጣሪያው በሚወርዱ ወጥ ዘንጎች ያንጠለጥል ነበር። ብረት አምራቹ በረጅም ዘንግ ላይ የብሎን ጥርስ ማውጣት ስላስቸገረው ዘንጉ ለሁለት እንዲከፈል ጠየቀ፤ የላይኛው ከጣሪያው፣ የታችኛው ከላይኛው እንዲንጠለጠል። ሁለት ሰዎች አንድ ገመድ ይዘው ቢንጠለጠሉ እያንዳንዱ የሚሸከመው የራሱን ክብደት ነው። የታችኛው ገመዱን ለቆ የላይኛውን እግር ቢይዝ ግን የሁለቱም ክብደት በላይኛው ሰው እጅ ላይ ያርፋል። አራተኛው ፎቅ ላይ፣ ዘንጉ ቢሙን አልፎ በዳዶ የታሰረበት ቦታ የደረሰበት ይኸው ነው። የመጀመሪያው ዲዛይን ራሱ ሕጉ ከሚጠይቀው ጭነት 60 በመቶውን ያህል ብቻ ይችል ነበር። የተለወጠው ሥዕል መሐንዲሶቹ ቢሮ ደርሶ ማህተም አርፎበት ተመለሰ። ማያያዣውን ያሰላ ሰው አልነበረም።

ማያያዣ ማስላት የአምራቹ ሥራ ነው፣ ሲኒየሩ እያንዳንዱን ዳዶ እንዴት ሊያይ ይችላል? የሚል ይኖራል። መሐንዲሶቹም ይህንኑ ተከራክረው ነበር፤ ሆቴሉ ያለበት የሚዙሪ ግዛት ግን አልተቀበለም፣ ኃላፊ የነበሩት ሁለቱ ፈቃዳቸውን ተነጠቁ። ፍርዱ ትክክል ይመስለኛል። ዳዶ ቁጠር ያለው የለም፤ ጭነት የሚወርድበትን መንገድ የሚቀይር ለውጥ ሲመጣ ግን ሲኒየሩ ብዕሩን አስቀምጦ «እንደገና ይሰላ» ማለት ነበረበት። ተራውን ለውጥ ከአደገኛው ለመለየት ነው የሥራ ዓመታት የሚጠቅሙት። «እኛ ሳይት ላይ እኮ አሠሪው ይቸኩላል፣ የኮንክሪት ሙሌቱ ቀን ተቆርጧል፣ ያስቆመ ሰው ይወቀሳል» የሚለውም ቀላል ቅሬታ አይደለም። ጀማሪው ይህን ጫና ብቻውን አይችለውም፤ ሲኒየር ያስፈለገውም ለዚሁ ነው። የሃያቱ ዲዛይን ኃላፊ ጃክ ጊለም ፈቃዳቸውን ካጡ በኋላ በመሐንዲሶች ጉባኤ እየቆሙ ስለዚያች ማያያዣ ለዓመታት ተናግረዋል።