ታማሚዎቼ አይናገሩም

እህቶቼ፣ እዚህ አገር ስንቶቻችን ነን ሙያችንን ሻንጣ ሥር አጥፈን የመጣነው? አንዷ ነርስ ነበረች፣ አንዷ አስተማሪ፣ አንዷ የራሷ ፀጉር ቤት ነበራት። እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። «ነበርኩ» ማለት አልወድም። ኮንትራቴ ላይ የተጻፈው «የቤት ሠራተኛ» የሚል ነው። እሱም ውሸት አይደለም፤ ብቻ ግማሹ ነው።

እሑድ ዳውራ ስንገናኝ ይህን ስናገር የሚስቁ አሉ። «ለከብት ደግሞ ዶክተር አለ እንዴ?» ይሉኛል። አለ እንጂ! ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። እኔም እዚያ ተምሬ ሰሜን ሸዋ ውስጥ በአንድ ወረዳ ክሊኒክ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። ቦቲ ጫማ አጥልቄ፣ በብርዱ፣ በሬ በገመድ ተይዞልኝ የአባ ሰንጋና የአባ ጎርባ ክትባት ስወጋ እውል ነበር። ላም ምጥ ሲጠናባት እጄን እስከ ትከሻዬ አስገብቼ ጥጃ አወጣለሁ። ገበሬዎቹ መጀመሪያ «ይቺ ልጅ ትችለዋለች?» ብለው ይተያያሉ፤ ጥጃው ከወጣ በኋላ ምርቃቱ አያልቅም። ደመወዙ ግን ምርቃቱን አያህልም ነበር። አባቴ ታመሙ፣ ተበደርን፣ እሳቸውም አልተረፉልን። ሌላውን ታውቁታላችሁ፤ ከዚህ በኋላ የሁላችንም ታሪክ አንድ ነው።

አገር ቤት እንስሳ ማለት ኑሮ ነው። አያቶቻችን «ክፉ ቀን» የሚሉት፣ እ.ኤ.አ. ከ1888 እስከ 1892 የነበረው ረሃብ፣ የጀመረው ከከብት ነው። የደስታ በሽታ ገብቶ በሬውን ፈጀው፤ በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ እርሻ ሲቆም ሰው አለቀ። (ያ በሽታ ዛሬ የለም። እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም ላይ ጠፍቷል ተብሎ ታውጇል፤ የሰው ልጅ ከፈንጣጣ ቀጥሎ ፈጽሞ ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ነው። እኛ የእንስሳት ሐኪሞች በዚህ ትንሽ ብንኮራ አይፈረድብንም።) ውሻ ግን ውጪ ነው፤ ግቢ ይጠብቃል፣ የተረፈውን ይበላል። ድመትም አይጥ እስከያዘች ድረስ ነው ክብሯ። ስለ ውሻ በብዛት የተማርኩት ስለ እብደት በሽታ ነበር። እንዲህ ሆኜ ነው እንግዲህ ቤይሩት፣ አሽረፊዬ፣ ስድስተኛ ፎቅ ላይ፣ አልጋ ላይ ትራስ ተደግፋ የምትተኛ ውሻ ጋር የተገናኘሁት። ሳቄን ለመያዝ ወጥ ቤት ሮጥኩ።

ሉና ትባላለች። ቡናማ፣ ትልቅ፣ ልበ ቀና ውሻ ናት። አሥራ አራት ዓመት ያለፋት ግራጫ ድመትም አለች፤ እሷ ማንንም አትወድም። ሁለቱም የሥራዬ አካል ሆኑ። ሉናን ጠዋትና ማታ ማውጣት፣ ፀጉሯን ከሶፋው ላይ መልቀም፣ የድመቷን አሸዋ መቀየር። የመጀመሪያው ዓመት ስልክ እንደልብ አልነበረኝም። ቤት ውስጥ አማርኛ የማወራት ከሉና ጋር ብቻ ነበር። «ነይ እስቲ» ስላት ትመጣለች፣ «በቃ!» ስላት ትቆማለች። ማዳም በፈረንሳይኛ ስትጠራት ቀና ብላ እኔን ታያለች፤ ተርጉሚልኝ የምትል ነው የሚመስለው። ማዳም በዚህ ደስ አይላትም ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በፀደይ ወር ላይ፣ ሉና ውኃ ማብዛት ጀመረች። በቀን አንዴ የምሞላው ሳህን አራቴ ያልቃል። ሌሊት ወጥ ቤት ሸናች፤ ማዳም «ማታ አላወጣሻትም» ብላ ተቆጣችኝ። አውጥቻታለሁ። በሦስተኛው ቀን የተቀቀለ ዶሮ ሰጥቻት ፊቷን አዞረች። ሉና ዶሮ እምቢ ስትል ለመጀመሪያ ጊዜ ማየቴ ነው። ሆዷን ዳበስኩት፤ ተወጥሯል። ጭራዋን ገለጥ ሳደርግ ትንሽ መግል የሚመስል ነገር አየሁ።

ከብት ሐኪም ቤት ሲመጣ መጀመሪያ የምትጠይቂው ባለቤቱን ነው። መቼ ጀመራት? ምን በላች? መቼ ኮርማ ፈለገች? ታማሚው አይናገርማ። ብዙ ጊዜ ደግሞ አባወራው ሲንተባተብ ሚስቱ ወይም እረኛው ልጅ ከኋላ ሆነው ትክክለኛውን ይናገራሉ፤ የሚያልቡትና የሚያግዱት እነሱ ናቸውና። ያን ጠዋት ወጥ ቤት ወለል ላይ ቁጭ ብዬ ጥያቄዎቹን ራሴን ጠየቅሁ። ሉና መቼ ደም አየች? ልክ ከስድስት ሳምንት በፊት። እንዴት አወቅሁ? የሳሎኑን ምንጣፍ ያጠብኩት እኔ ነኝ። ያልመከነች ሴት ውሻ ደም ካየች ከአንድ ወይም ሁለት ወር በኋላ ውኃ ካበዛች፣ ምግብ ከተወች፣ ከደከማት፣ ማህፀኗ መግል ይዞ ሊሆን ይችላል። ቶሎ ካልታከመች ትሞታለች።

ለማዳም ነገርኳት። «ሙቀቱ ነው» አለችኝ። ሙቀቱ አይደለም አልኳት። «አንቺ ምን ታውቂያለሽ?»

«ማዳም፣ እኔ እኮ የእንስሳት ሐኪም ነኝ።»

ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን አልተናገርኩም ነበር። ደብቄ አይደለም፤ የጠየቀኝ ሰው ስላልነበረ ነው። ሳቀች። የክፋት ሳቅ አልነበረም፤ ልጅ «እኔ ንጉሥ ነኝ» ሲል የሚሳቀው ዓይነት ነው። ቢያንገበግበኝም ክርክሩ እኔን እንጂ ሉናን እንደማያድናት ገባኝ። «እሺ፣ እኔን አትመኚኝ» አልኳት። «ለሉና ሐኪም ደውይለት። አራት ነገር ብቻ ንገሪው፦ አልመከነችም፣ ደም ካየች ስድስት ሳምንቷ ነው፣ ውኃ አብዝታለች፣ ምግብ ትታለች።» ፊቷ እንደተኮሳተረ ደወለች። ሦስተኛውን ሳትጨርስ ሐኪሙ አቋረጣትና «አሁኑኑ አምጪያት» አላት።

መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ሊፍት የለም። እኔና የሕንፃው ናጡር በአንሶላ ተሸክመን ስድስት ፎቅ አወረድናት። ክሊኒክ እንደደረስን በአልትራሳውንድ አዩዋት፤ ማህፀኗ መግል ሞልቷል። ሐኪሙ «ፓዮሜትራ» አለ። እህቶቼ፣ ያችን ቃል ስሰማ የተሰማኝን እንዴት ልንገራችሁ! ቢሾፍቱ የተማርኳት ቃል ራሷ ናት። «ክፍት ነው፣ ትንሽ መግል ወጥቷል» አልኩት። ዞር ብሎ አየኝና «ሳምንቱን የቆጠርሽው አንቺ ነሽ?» አለኝ። የት እንደተማርኩ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። ከዚያ ለማዳም ሳይሆን ለእኔ ማስረዳት ጀመረ። ማዳም ቦርሳዋን አቅፋ መሃላችን ቆማ ነበር።

በዚያው ቀን ቀዶ ሕክምና ተደርጎ ማህፀኗ ወጣ። ተረፈች።

በሳምንቱ ማዳም ብር ልትሰጠኝ እጇን ዘረጋች። ብር እንደማልጠላ ታውቃላችሁ፤ ግን «እሑድን ስጪኝ» አልኳት። ኮንትራቴ ላይ የዕረፍት ቀን አለኝ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም እሑድ ወጥቼ አላውቅም። ዝም አለች። ከዚያ መጀመሪያ ያለችው ምን መሰላችሁ? «እሑድ ሉናን ማን ያወጣታል?» ልጅሽ አለ አይደል፣ ሃያ ዓመቱ ነው፣ እግርም አለው አልኳት። እስከ ዛሬ እሑድ እሑድ ልጁ ነው የሚያወጣት፤ እያጉረመረመ። ለጓደኞቿ ደግሞ «የእኛ ልጅ ዶክተር ናት» እያለች ታስተዋውቀኛለች፤ ቡናውን ግን የማቀርበው እኔው ነኝ።

አንዳንዶቻችሁ «ውሻዋ ከእኛ ትሻላለች» ስትሉ እሰማለሁ። ነገሩ ባዶ ምሬት አይደለም። ሊባኖስ እ.ኤ.አ. በ2017 ለእንስሳት ጥበቃ ሕግ አውጥታለች፣ ቁጥሩ 47 ነው። ሰው ቤት ተቀጥረን የምንሠራ እኛ ግን ከ1946ቱ የሥራ ሕግ በአንቀጽ 7 ተለይተን እንደወጣን ነን። ይህን ሳነብ እኔም ደሜ ፈልቷል። በ2024ቱ ጦርነት ጊዜ አሠሪዎቻቸው ሸሽተው «ቤት ጠብቂ» ተብለው የቀሩ እህቶች እንደነበሩም አንረሳም። ግን ቂሙን ውሻዋ ላይ አታድርጉት እላለሁ። ለእንስሳት የወጣው ሕግ ጥሩ ሕግ ነው፤ እኔ ብጽፈውም እንደዚያው ነው የምጽፈው። የጎደለው የእኛው ነው። ሉናን አንድ ቀን በንዴት የረገጠቻት እህት አውቃለሁ፤ ሉና የማንንም ፓስፖርት አልደበቀችም።

እሑድን ካገኘሁ ወዲህ ሥራዬ በዛ። ዳውራ ላይ ከእንጀራው በፊት ስልክ ነው የሚቀርብልኝ፤ «ዶክተር፣ ይቺን እይልኝ» እያላችሁ። ከምትጠይቁኝ ብዙውን እዚህ ልበለው። ውሻ ወይም ድመት ከነከሳችሁ፣ የቤትም ቢሆን፣ ቁስሉን በሚፈስ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡ፤ ሰዓት እያያችሁ። በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ። «ማዳም ትቆጣለች» ብላችሁ አትደብቁ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም፣ ከዚያ በፊት ግን ክትባቱ ያድናል። የድመት ንክሻ ትንሽ ቀዳዳ ይመስላል፣ ጥርሷ ግን ጠልቆ ስለሚገባ ቶሎ ያመረቅዛል። ነፍሰ ጡር የሆነች እህት የድመት አሸዋ ባትነካ ይሻላል፤ ግድ ከሆነባት በጓንት፣ በየቀኑ ትጥረገው፤ ለፅንሱ የሚያሰጋው ተውሳክ ከድመቷ ከወጣ በኋላ ለመተላለፍ ቢያንስ አንድ ቀን ይፈልጋልና። እጅ ወይም አንገት ላይ ክብ ሆኖ የሚያሳክክ ነገር ከወጣባችሁ ጭርት ሊሆን ይችላል፣ ከድመት ይይዛል፣ ይድናል። ደግሞ እባካችሁ፣ ድመት አሞታል ብላችሁ ፓናዶል አትስጡ። አንድ ፍሬ ይገድላታል። ከዚያ በኋላ ማን እንደሚጠየቅ አልነግራችሁም።

የሩቅ ታማሚዎችም አሉኝ። መስከረም ላይ እማዬ በኢሞ ደወለች፤ ድምፅዋ ተለውጧል። «ላሚቱ ልትፈነዳ ነው!» ያ ላም የተገዛው በእኔ ብር ነው፤ ስምንት ወር ሙሉ የላክሁት ነው ላም ሆኖ የቆመው። ካሜራውን አዙሪው አልኳት። በግራ በኩል ሆዷ እንደ ከበሮ ተነፍቷል፣ ምራቋ ይዝረበረባል። ጤዛ ያለበት ማገጥ ላይ በጠዋት ገብታ ነው። ታናሽ ወንድሜ ቢላ ይዞ ሊወጋት ቆሟል። ቢላውን አስቀምጥ፣ እሱ የመጨረሻው ነው አልኩት። የፊት እግሮቿን ወደ ዳገት አድርጋችሁ አቁሟት፤ እንድታላምጥ እንጨት አግድም አፏ ውስጥ እሰሩላት፤ ግማሽ ሊትር ዘይት በጠርሙስ፣ በአፏ ጎን፣ ቀስ እያላችሁ አጠጧት፤ አንገቷን ወደ ላይ አታንጋጡት፣ ሳንባዋ ይገባል። እማዬ የኑግ ዘይቱን አመጣች። እኔ ባልኮኒ ላይ የማዳምን አንሶላ እያሰጣሁ ስልኩን በትከሻዬ ይዤ ነው ይህ ሁሉ። ኔትወርክ ተቋረጠ። አንሶላውን ጨረስኩ፣ መታጠቢያ ቤቱን አጠብኩ፣ ሽንኩርት ከተፍኩ። ከአንድ ሰዓት በኋላ የእማዬ መልእክት መጣ፤ «አገሳች፤ ግማቱን አታንሺው!» የሚል። እዚያው ሽንኩርቱ ላይ አለቀስኩ፤ ማዳም ሽንኩርቱ መሰላት።

አሁን የማስበው ስለ ድመቷ ነው። ኩላሊቷ ደክሟል። ይህንንም መጀመሪያ ያወቅሁት ከአሸዋው ነው፤ የሽንቷ እብጠት በየሳምንቱ እየተለቀ መጣ፣ እሷ ደግሞ እየከሳች ሄደች። ዘንድሮ ማዳም አልሳቀችም፤ «እንውሰዳት?» አለችኝ። ሐኪሙ ያዘዘላትን ፈሳሽ በሁለት ቀን አንዴ፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ ትከሻዋ መሃል ከቆዳዋ ሥር በመርፌ እሰጣታለሁ። ማንንም የማትወደው ድመት ለእኔ ዝም ብላ ትቀመጣለች፤ መውደድ ይሁን ድካም አላውቅም።

ኮንትራቴ ጥር ላይ ያልቃል። አላሳድስም፤ ብድሩ ተከፍሏል፣ ላሚቱም ልትወልድ ነው። ለማዳም ስነግራት ብዙ ዝም ካለች በኋላ «ድመቷንስ?» አለች። ስለዚህ ትልቋን ልጇን እያስተማርኳት ነው። ቆዳውን እንዲህ አንሺው፣ ድንኳን ይሥራ፤ መርፌውን አግድም፤ አትፍሪ፣ አንቺ ስትፈሪ እሷ ታውቃለች። በመጀመሪያው ቀን እጇ ተንቀጠቀጠና መርፌው ጣቴን ወጋኝ። ትናንት ግን በአንዴ አገባችው።