«ነጻ» የሚባለው የትምህርት ዕድል

ዶክትሬቴን ዴልሂ ስሠራ ጎረቤቴ የነበረው ተማሪ የቢሃር ልጅ ነበር። አባቱ የሰው መሬት የሚያርስ ጭሰኛ ነው፤ ትውልዱም ህንድ ለዘመናት «አይነኬ» ብላ ካገለለቻቸው ወገኖች ነው። ምኞቱ ባሕር ማዶ ሄዶ የካስት ሥርዓትና የመሬት ይዞታ እንዴት እንደተሳሰሩ በሁለተኛ ዲግሪው ማጥናት ነበር። ማታ ማታ ሻይ ይዘን ገንዘብ የሚገኝባቸውን በሮች እንቆጥር ነበር።

በሮቹ ብዙ ናቸው፤ ዘበኛ የሌለው ግን የለም። እ.ኤ.አ. በ1892 የተመሠረተው የጄ. ኤን. ታታ ፈንድ የሚሰጠው ብድር ነው። ባንኮች ብድሩ ከፍ ሲል ቤት ወይም መሬት ያስይዙ ይላሉ፤ የጭሰኛ ልጅ ምን ያስይዛል? ቼቭኒንግና ፉልብራይት-ኔህሩ ለሁለተኛ ዲግሪ የሥራ ልምድ ይጠይቃሉ።

የቀረው የህንድ መንግሥት ራሱ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ለተገለሉ ወገኖች የሚሰጠው የባሕር ማዶ ስኮላርሺፕ ነው። በ2022 ግን አዲስ መመሪያ ወጣ፦ የህንድን ባህል፣ ቅርስ፣ ታሪክና ማኅበራዊ ኑሮ የሚመለከት ጥናት በዚህ ገንዘብ አይሠራም። ምክንያቱ ደግሞ «ይህን እዚሁ አገር ውስጥ ማጥናት ይቻላል» የሚል ነበር። ጎረቤቴ ርዕሱን አልለወጠም፤ ፊቱን ወደ ሌሎች በሮች አዞረ።

አንድ ታሪክ እናስታውስ። የባሮዳው ገዢ ሳያጂራው ጋይክዋድ በ1913 ለአንድ «አይነኬ» ወጣት በወር 11 ፓውንድ ተኩል ለ3 ዓመት ቆርጠው ወደ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ላኩት። ወጣቱ በ1916 ኒውዮርክ ላይ ስለ ካስት አመጣጥ ጥናት አቀረበ። ኋላም የነጻይቱን ህንድ ሕገ መንግሥት ያረቀቀውን ኮሚቴ በሊቀመንበርነት መራ። ስሙ አምቤድካር ይባላል። በ2022ቱ መመሪያ ተዳኝቶ ቢሆን ኖሮ ርዕሱ ብቻ ከበር ይመልሰው ነበር።

በጀት ውስን ነው፣ መንግሥትም የሚከፍልበትን ትምህርት ይመርጣል የሚለውን ሙግት አልንቀውም። ለሕክምና ወይም ለምህንድስና ቅድሚያ ቢሰጥ ይገባኛል። የተገለለው ሰው «ለምን ተገለልኩ?» ብሎ እንዳይጠይቅ መከልከል ግን የበጀት ጉዳይ አይደለም። «ባጎረስኩ እጄን ልነከስ?» የሚል ፍርሃት ነው። ሕዝብ ከከፈለው ግብር የተቆረሰን ጉርሻ ባለሥልጣን የራሱ አድርጎ ሲቆጥረው እንዲህ ያለ ፍርሃት ይወለዳል።

ስለዚህ የእኛም አገር ተማሪዎች ስለ ውጭ ትምህርት ሲያማክሩኝ አንድ ነገር እላቸዋለሁ፦ ስንት ይሰጣል ከማለታችሁ በፊት ምን እንዳትጠይቁ ይከለክላል በሉ።