የሠሩትን ስለ መጠበቅ

ቤት መሥራት ደስ ያሰኛል፤ የሠሩትን ቤት ከዓመት ዓመት መጠበቅ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። በኮልፌ አጠና ተራ አካባቢ የኖረ ሰው ይህን በዐይኑ ያየዋል። አጠናውን ገዝቶ፥ ማገሩን መትቶ፥ ጭቃውን ከጭድ ጋር አቡክቶ በገዛ እጁ የመረገ ባለቤት፥ ክረምቱ ሲወጣ የትኛው ግድግዳ እንደ ተሰነጠቀ ሳይነግሩት ያውቃል፤ መጠገኛውም ጭቃ ከደጁ አለ። ተከራዩ ግን ጣራው ሲያፈስ አከራዩን ይጠብቃል።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ዛሬ የማጫውትህ ስለ አንድ ኮምፒዩተር ነው። የሰፈራችንን እድር መዝገብ፥ ይኸውም ማን ወርኃዊ መዋጮውን እንደ ከፈለ፥ ለየትኛው ለቅሶ ስንት ብር እንደ ወጣ፥ የምይዘው እኔ ነኝ። መዝገቡ ያለበት ኮምፒዩተር የሚሠራው ጄንቱ በሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ነው። ጄንቱን የጀመረው ዳንኤል ሮቢንስ የሚባል የኮምፒዩተር ባለሙያ ሲሆን፥ የመጀመሪያው ሙሉ እትም በ2002 እ.ኤ.አ. ወጣ። ሌሎቹ አብዛኛውን ጊዜ ፕሮግራሙን አዘጋጅተው ይልኩልሃል፤ ጄንቱ ግን ሰው የጻፈውን ምንጭ ኮድ አምጥቶ እዚያው በቤትህ ይገነባዋል። የማትፈልገውን ክፍል አስቀድመህ ብትነግረው ትቶልህ ይሠራል።

ይህ ሥርዓት እንደ መጽሐፍ አንደኛ እትም፥ ሁለተኛ እትም እያለ አይወጣም፤ እንደ ወንዝ ዘወትር ይፈሳል። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ አዲሱን ዝርዝር አስመጣና የሚታደሰውን በየስሙ አነባለሁ፤ አዘጋጆቹ የላኩትን ማስታወቂያ ሳላይም ሥራውን አላስጀምርም። አንዱ ፕሮግራም በሌላው ላይ ይቆማል፥ ያም በሌላ ላይ። በሳምንት አሥር ቢለወጡ መንገዱ ቀና ነው። ዓመት የከረመ እንደ ሆነ ግን አዲሱ «አሮጌውን ካላነሣችሁ አልገባም» ይላል፤ አሮጌውም በሌላ አሮጌ ተይዟልና «አልወጣም» ይላል፤ ባለቤቱ በመካከላቸው እንደ ሽማግሌ ሲዳኝ ያድራል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በአገሪቱ ኢንተርኔት ሦስት ሳምንት ያህል በተቋረጠ ጊዜ ወደ ኋላ ቀርቼ ነበር፤ መሥመሩ ሲከፈት በአንድ ሌሊት አቃናሁት።

ከሥራው ሁሉ የምወደው የደንብ ፋይሎችን ማስታረቅ ነው። አዲሱ ፕሮግራም አዲስ ደንብ ይዞ ሲመጣ ጄንቱ እኔ የጻፍሁትን አይደመስስም፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አቅርቦ በየመስመሩ «የትኛውን ትይዛለህ?» ይለኛል። ሁሉንም እሺ ማለት ይቀላል፤ ነገር ግን መዝገቡን ከባዕድ ሰው የዘጋሁበት መስመር አብሮ ይጠፋል። ሁሉንም እምቢ ማለትም ይቀላል፤ ነገር ግን አዲሱ ፕሮግራም የአሮጌውን ቃል ሳይሰማ ይቆማል። እንግዲህ ማንበብ ግድ ነው። ለምን እንደ ጻፍሁት እንዳልረሳ ከየመስመሬ በላይ ምክንያቱን በአማርኛ አሰፍራለሁ፤ ነገ መዝገቡን ለሚረከበኝም ይጠቅማል።

የእኅቴ ልጅ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ በዚህ ይሥቅብኛል። «ጋሼ፥ ሰው በአምስት ደቂቃ የሚያወርደውን እርስዎ ሌሊቱን ሙሉ ያስፈጫሉ፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ እንደ ገና ነው!» ይላል። ሐሰት አልተናገረም። ፕሮፋይል የሚባለው መሠረታዊ ደንብ በኅዳር 2010 እና በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ሲለወጥ፥ በማሽኑ ላይ ያለውን ሁሉ ከሥሩ መገንባት ግድ ሆኗል።

በዚያው በመጋቢት 2016 ሌላ ክርክር አመጣብኝ። ኤክስዜድ በሚባል፥ ፋይልን በሚያሳንስ ፕሮግራም ውስጥ የተሸሸገ የጓሮ በር ተገኘ። ያስገባው ሰው ከሁለት ዓመት በላይ እንደ ደኅና ረዳት ሆኖ እየሠራ አመኔታን ያተረፈ ነው። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ፥ ወደ ማሽን መግቢያው ግማሽ ሰኮንድ ያህል መዘግየቱን አይቶ «ለምን?» ብሎ በመመርመሩ ነገሩ ተገለጠ። «ታዲያ» አለኝ ልጁ፥ «የተጎዱት ፈጥነው ያደሱት አይደሉም?» እውነት ነው፤ ከሁሉ የቀደሙት ነበሩ። ተንኰሉ የሚሠራው ለዴቢያንና ለሬድ ሃት ዓይነት እሽግ ሲዘጋጅ ብቻ ቢሆንም፥ የተመረዘው ምንጩ ራሱ ስለ ነበረ በቤቱ የሚገነባ ሰው ሊኮራ አይገባውም። የጄንቱም አዘጋጆች ወደ ቀድሞው እትም ተመለሱ ብለው ማስታወቂያ አወጡ። በዚያ ሳምንት ማደስ ማለት ወደ ኋላ መሄድ ነበር፤ ይህንንም ያወቀ ማስታወቂያውን የሚያነብ ሰው ነው።

ከታኅሣሥ 2016 ወዲህ ጄንቱ የተዘጋጁ ፕሮግራሞችንም ያቀርባል። ብዙ ሰዓት የሚፈጀውን ብራውዘር ከዚያ እወስዳለሁ፤ በዚህስ ልጁ ረትቶኛል። የመዝገቡን ፕሮግራሞች ግን አሁንም እዚሁ እገነባለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ዝርዝሩን ያነበበልኝ እርሱ ነው፤ አንዱ ስም ላይ ሲደርስ ቆም ብሎ «ይህኛው ምን ይሠራል?» አለኝ፤ አላወቅሁትምና አብረን ፈለግን።