ዝም አሉ ወይስ ዝም አሉኝ? ከልጆች ጋር በዘጌ

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ የሚወስዱ ሁለት መንገዶች አሉ። አንዱ የየብስ መንገድ ነው፤ አቧራ አለው። ሁለተኛው በጣና ሐይቅ ላይ በሞተር ጀልባ ነው፤ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ልጆች ካሉ ጀልባው ይሻላል።

ጣና በኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። ዓባይም ጉዞውን የሚጀምረው ከዚህ ሐይቅ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 ጣናንና አካባቢውን በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። በደሴቶቹና በዳርቻው ላይ ለብዙ መቶ ዓመታት የኖሩ ገዳማት አሉ።

እኛ የሄድነው በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ የገና ዕረፍት ነበር። እኔ ያደግሁት ሜሪላንድ ነው። ልጆቼም እዚያው ተወለዱ። ሴቷ ያኔ 9 ዓመቷ፣ ወንዱ 12 ዓመቱ ነበር። ሁለቱም አማርኛ ይሰማሉ፣ ሲናገሩ ግን ይፈራሉ። የእናቴ አክስት ዘጌ ይኖራሉ። ልጆቹ «እማማ» ይሏቸዋል። ጉዟችን እሳቸውን ለማየት ነበር።

(ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ግጭት ስላለ፣ አሁን ለመሄድ የምታስቡ ሁሉ አስቀድማችሁ የመንገዱን ሁኔታ ከዘመድ አጣሩ።)

ጸጥታ ያለበት አገር

ጀልባው ወደብ ሲቃረብ ሞተሩ ጠፋ። በድንገት ሁሉም ነገር ጸጥ አለ። ከደንገል በተሠራ ታንኳ ላይ የተቀመጠ አንድ ሰው አጠገባችን አለፈ። አልተናገረም። እጁን ብቻ አነሣ። የእኛም ባለ ጀልባ እጁን አነሣለት። ሰላምታው በዚሁ አለቀ።

ዘጌ ልሳነ ምድር ነው፤ በሦስት በኩል ውኃ ይከበዋል። መሬቱ ደን ነው። ቡናው የሚበቅለው ከትልልቅ ዛፎች ሥር፣ በጥላ ውስጥ ነው። በአካባቢው ትውፊት መሠረት በገዳሙ መሬት ላይ በበሬ አይታረስም፣ ከብትም አይረባም። ስለዚህ በሌላው የጎጃም ገጠር የሚሰማው የጅራፍ ድምፅና የገበሬ ጩኸት እዚህ የለም። የሚሰማው ወፍ፣ ጦጣና ቅጠል ነው።

ከዛፎቹ መካከል የኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም አለ። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው። ውስጡ ሦስት ክፍል አለው፦ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ። የመቅደሱ ውጫዊ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል የተሸፈነ ነው። ለመግባት ጫማ ይወልቃል።

በር ላይ አንድ ካህን ቆመው ነበር። ልጄ በጥናት የያዘውን ሰላምታ «እንደምን አደሩ አባ!» ብሎ ጮክ ብሎ ተናገረ። አባ አልመለሱም። ዓይናቸውን ከመጽሐፋቸው አላነሡም። ልጁ ፊቱ ቀላ።

አስጎብኚያችን ጎንበስ ብሎ «ጸሎት ላይ ናቸው» አለው። ጥቂት ቆይተው አባ መጽሐፋቸውን ዘጉ። ወደ ልጁ መጡ፣ መስቀላቸውን አሳለሙት፣ ስሙን ጠየቁት። የሰላምታውንም መልስ ሰጡት፦ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ።»

ገዳም ውስጥ ለመንፈሳዊ ሥራ ተብሎ የሚያዝ ዝምታ ስም አለው፤ «አርምሞ» ይባላል። አርምሞ ላይ ያለ ሰው ማንንም አልናቀም፤ ትኩረቱን ሌላ ቦታ አድርጓል።

አንዲት ትንሽ ፊደል

እማማ ቤት ስንደርስ ሰላምታው ረጅም ነበር። ግራ ጉንጭ፣ ቀኝ ጉንጭ፣ እንደገና ግራ። «እንዴት ናችሁ? ደኅና ናችሁ? ሰላም ነው?» ከዚያ ተቀመጥን። እማማ የቡና ሰፌዳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ፍሬውን መልቀም ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ምንም አልተናገሩም።

ልጄ ቀረብ ብላ «እማማ፣ ልርዳዎት?» አለች። እማማ ቅንድባቸውን ከፍ አደረጉ፣ አጭር ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳቡ፣ ሥራቸውንም ቀጠሉ።

ልጄ ወጥታ ከደጅ አገኘኋት። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «እማማ ዝም አለችኝ» አለች።

በመጀመሪያ ያረምናት «አለችኝ»ን ነው፤ ለትልቅ ሰው «አሉኝ» ይባላል። ዋናው ቁም ነገር ግን መጨረሻ ላይ ያለችው «ኝ» ነበረች። አማርኛ በዚህች አንዲት ፊደል ሁለት ነገሮችን ይለያል፦

«እማማ ዝም አሉ» ማለት አልተናገሩም ማለት ነው። ነገሩ ስለ እማማ ነው።

«እማማ ዝም አሉኝ» ማለት ግን እኔን አልመለሱልኝም፣ ችላ አሉኝ ማለት ነው። ነገሩ ስለ እኔ ሆነ።

ሦስተኛም አለ፦ «ዝም አሰኙኝ።» ይህ እንዳልናገር አደረጉኝ ማለት ነው። ሦስቱ ቃላት የአንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ልብ ላይ የሚያሳርፉት ግን የተለያየ ነው።

ያቺ አጭር ትንፋሽስ ምን ነበረች? በኢትዮጵያ ብዙ ሰው «አዎ» የሚለው እንደዚያ ነው። አየር ወደ ውስጥ ይስባል፣ አንዳንዴም ቅንድቡን ያነሣል። ውጭ አገር ያደገ ልጅ ሰውዬው የደነገጠ ወይም ያልሰማ ይመስለዋል። እማማ ግን መልሰው ነበር። «አዎ፣ እርጂኝ» ብለዋታል።

ሌላም መልስ ነበር። ተመልሰን ስንገባ እማማ ከመደቡ ላይ ፈቀቅ ብለው አጠገባቸው የአንድ ልጅ ቦታ ለቀዋል። ሰፌዱንም ወደ ባዶው ቦታ አዘንብለውታል። ልጄ ተቀመጠች። የተሰበረውን ፍሬ ከደኅናው ትለይ ጀመር። አንድ ጊዜ ስትሳሳት እማማ ጣቷን ይዘው ወደ ትክክለኛው ፍሬ መሩት። ለግማሽ ሰዓት ያህል አንድም ቃል አልተነገረም።

ቀጥሎ ቡናው ታጠበ፣ ተቆላ፣ ጭሱ በየሰዉ ፊት ዞረ። አቦል ተጠጣ፣ ቶና ተጠጣ፣ በረካም ደረሰ። ቡና የማይጠጡት ልጆች ቆሎና ፈንዲሻ ያዞራሉ፣ ሲኒ ያቀብላሉ። የጾም ወቅት ስለነበረ ማታ ሽሮ ቀረበ። እማማ የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልለው ለልጄ አጎረሷት። ይህንንም ያደረጉት በዝምታ ነው።

በእንዲህ ያለ ቤት ሥራ የሚሰጠው ልጅ የቤቱ ሰው ነው። «ውኃ አምጪልኝ» ትእዛዝ ይመስላል፤ ውስጡ ግን «አንቺ የእኛ ነሽ» የሚል አለበት። እንግዳ ውኃ አምጣ አይባልም።

ዝምታው ሌላ ሲሆን

ሁሉም ዝምታ ግን እንዲህ ደግ አይደለም። ይህንንም ልጆች ማወቅ አለባቸው።

ከዘጌ በተመለስን ማግስት ባሕር ዳር አንድ ዘመድ ቤት ተጋበዝን። ሰዉ ብዙ ነበር። ልጄ ስለ ጀልባው ሊያወራ ፈልጎ «ጀልባዋ ጠጣን» አለ። «ጀልባዋ ላይ ውኃ ጠጣን» ማለቱ ነበር። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሳቁ የክፋት አልነበረም። ቀጥሎ ግን አንዷ ዘመዳችን ወደ እኔ ዞራ «አማርኛ ይሰማል እንዴ?» አለች። ሌላው «ስንተኛ ክፍል ነው?» አለ። ልጁ መካከላችን ተቀምጦ ነበር፤ ጥያቄው ሁሉ ግን በራሱ ላይ አልፎ ወደ እኔ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ልጄ አልተናገረም። እንጀራውን አጎንብሶ በላ። አንድ ሰው አየውና «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው!» አለ።

እዚህ ላይ ነው አደጋው። የእማማ ቤቷ ልጅ ዝም ብላለች፣ ይህም ልጅ ዝም ብሏል። ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው። እሷ ግን ዝም ያለችው ቦታ ስላላት ነው፤ እሱ ዝም ያለው ቦታ ስላጣ ነው። «ጨዋ» የሚለው ምስጋና ደግሞ በሩን ከውጭ ይቆልፍበታል።

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚል ተረት አለን። የልጅ ሥራ ለቁም ነገር አይሆንም ማለት ነው። በዚህ ተረት ያደገ ሰው ልጅን ሳያስበው ሊያልፈው ይችላል። «ዝም አይነቅዝም» የሚልም አለ፤ ዝም ያለ ሰው ነገር አይበላሽበትም ይላል። በሌላ በኩል ግን በጎች ዝም በማለታቸው በአንድ ነብር እንዳለቁ የሚናገር ምሳሌም አለ። አባቶቻችን ሁለቱንም ያስቀመጡልን ዝምታ እንደ ቦታው ስለሆነ ነው።

እኔ ለዘመዶቼ «እሱን ጠይቁት፣ ይመልሳል» አልኳቸው። የቤቱ ባለቤት፣ በዕድሜ የገፉ ሰው፣ ወንበራቸውን ወደ ልጁ አዞሩ። «ጋሼ ልበልህ ወይስ በስምህ ልጥራህ?» ብለው ቀለዱበት። ልጁ ፈገግ አለ። «ጀልባዋ ምን ሆነች?» አሉት። ከዚያም ጠበቁ። ልጁ ቃል እየፈለገ ብዙ ቆየ። እሳቸው አልቸኮሉም፣ ቃሉን አልቀሙትም፣ ወደ እኔም አላዩም። ቤቱ ረጭ አለ። ያም ዝምታ ነበር፤ ግን ልጁን የሚያናግር ዝምታ ነበር። በተሰበረ አማርኛ የታንኳውን ሰው፣ እጁን ማንሣቱን፣ የሞተሩን መጥፋት ተናገረ።

ልጆች ራሳቸው እንዲለዩ

ሆቴላችን ተመልሰን ከሁለቱ ጋር ሦስት ጥያቄዎች አወጣን። በየትኛውም ቤት ይሠራሉ።

አንደኛ፦ አይተውኛል? በቃል ባይሆንም በዓይን፣ በእጅ ወይም በጉርሻ።

ሁለተኛ፦ ቦታ አለኝ? ፈቀቅ ብለውልኛል? የምይዘው ሥራ ሰጥተውኛል?

ሦስተኛ፦ ዝምታው ያልቃል? አባ መጽሐፋቸውን ዘግተው ወደ ልጄ መጥተዋል። ችላ የሚል ሰው ግን አይመለስም።

የሦስቱም መልስ «አዎ» ከሆነ ሰውዬው ዝም አለ እንጂ ዝም አላለህም። መልሱ «የለም» ከሆነ ግን ልጁ ተሳስቶ አይደለም። ያን ጊዜ ለእናት፣ ለአባት ወይም ለሚያምነው ሰው መናገር አለበት። «አዋቂ ናቸው፣ ተዋቸው» ልንለው አይገባም።

አንድ ነገር ደግሞ ከሦስቱም በላይ ነው። የሚያም፣ የሚያስፈራ ወይም «ለማንም እንዳትናገር» የተባለ ነገር ላይ ዝምታ ጨዋነት አይደለም። እዚያ ላይ መጮህም ይፈቀዳል። ይህን ለልጆች በግልጽ፣ በሚገባቸው ቋንቋ ሁሉ ንገሯቸው።

እናንተም አማርኛን በኋላ የተማራችሁ ወላጆች ከሆናችሁ፣ ይህ ነገር በየሳምንቱ በስልክ ይገጥማችኋል። አያት ከኢትዮጵያ ይደውላሉ፣ ሰላምታው ያልቃል፣ ከዚያ ዝም ይባላል። በስልክ ላይ ፈቀቅ ማለት አይታይም፣ ሰፌድ አይዘነበልም። ስለዚህ ልጁ ዝምታውን «ዝም አሉኝ» ብሎ ይሰማዋል። እኛ ቤት አሁን ስልኩን በቪዲዮ ከፍተን ጠረጴዛ ላይ እናቆመዋለን። እማማ በዚያ በኩል ቡና ይለቅማሉ፣ ልጆቹ በዚህ በኩል ምስር ይለቅማሉ። አንዳንዴ ሃያ ደቂቃ ሙሉ የሚነገረው አሥር ቃል አይሞላም። ከዚያ እማማ ያችን አጭር ትንፋሽ ይስባሉ። ልጄም ትስብላቸዋለች።